የሚንበሩ ጣውላ ከየት መጣ?

  

ነቀምቴ ከተማ ውስጥ በአናጺዎች ሱቅ በኩል ያለፈ ሰው አስቀድሞ የሚሰማው የመጋዙን ጩኸት ነው። ጠጋ ሲል ደግሞ መሬቱ ላይ የተከመረውን ሰጋቱራ ያያል። ሰጋቱራው ቀላ ያለ ነው። አናጺው ጣውላውን ሲልገው ቀይ ቡናማ መልኩ እየጠራ ይወጣል፤ ቫርኒሽ ሲነካው ደግሞ ዓይን ይስባል። ይህ ዋንዛ ነው። በኦሮምኛ ወዴሳ ይባላል። በአዲስ አበባም ሆነ በክፍለ ሀገር ስንት ሙሽራ በዋንዛ አልጋና በዋንዛ ቁም ሳጥን ትዳሩን እንደጀመረ እያንዳንዳችን ቤታችንን ብናይ እናውቀዋለን።

በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ አንድ ነው። ይህ ቀይ ጣውላ ወደ ቤታችን፣ ከዚያም አልፎ ወደ መስጊዳችን ሲገባ በምን መንገድ እንደመጣ መጠየቅ የዲናችን ጉዳይ ነውን? ወይስ ለደን ሠራተኛና ለኬላ ጠባቂ የሚተው ነገር ነው?

አስቀድመን ጸጋውን እንወቅ። ጸጋውን ያላወቀ ሰው ሹክሩንም አያውቅምና።

ከአዲስ አበባ ተነስቶ በአምቦ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ባኮን ሲያልፍ በበቆሎ ማሳዎች መካከል እዚህም እዚያም የቆሙ ዛፎችን ያያል። ብዙዎቹ ዋንዛ ናቸው። ገበሬው ሌላውን ሲመነጥር ይህን ያስቀረበት ምክንያት አለው። ቅጠሉ ረግፎ አፈሩን ያዳብርለታል። ነጭ አበባው ለንብ ቀለብ ነው። ፍሬው ሲበስል ይጣፍጣል፤ እረኞችና ወፎች ይሻሙበታል። ወደ ጊምቢና ወደ ደምቢ ዶሎ ሲዘለቅ ደግሞ ቡናው የሚያድገው በእንዲህ ዓይነት ዛፎች ጥላ ሥር ነው። ከግንዱ ሙቀጫ፣ ከበሮ፣ ቀፎ፣ በርና መስኮት ይወጣል።

ሌላም ነገር አለ። በምዕራብ ወለጋ፣ በተለይ በመንዲና በመነ ሲቡ አካባቢ የኖረ ሰው ምስጥ ምን እንደሆነ ይነገረው ዘንድ አያስፈልገውም። የቤቱን አጣና ከሥር በልቶ ጎጆውን የሚያዘምም፣ ሰብሉንም ሣሩንም የማይምር መከራ ነው። ቀዩ የዋንዛ ልብ ግን ከብዙ እንጨት ይልቅ ምስጥን ይቋቋማል። እንግዲህ ሰው ዋንዛን የሚወደው ለጌጥ ብቻ አይደለም፤ ቤቱ እንዲቆምለት ጭምር ነው።

ቀይ እንጨት ያላቸው ዛፎቻችን ዋንዛ ብቻ አይደሉም። በደጋው የሚበቅለው ኮሶም እንዲሁ ነው። አያቶቻችን የሚያውቁት በሚመረው መድኃኒቱ ነው፤ ፈረንጆች ግን የአፍሪካ ቀይ እንጨት ብለው ይጠሩታል። ጥቁር እንጨት የምንለው ዛፍም ስሙ ጥቁር ይሁን እንጂ ውስጡ ቀይ ነው። ቅርፊቱ በአውሮፓ ለወንዶች የፕሮስቴት ሕመም መድኃኒት ስለሚሠራበት በዓለም ገበያ በጣም ተፈልጎ ንግዱ ከ1987 ዓ.ም. ጀምሮ በዓለም አቀፍ ስምምነት ቁጥጥር ሥር ውሏል። አላህ (ሱ.ወ.) በአንድ አገር ላይ ይህን ሁሉ አብቅሏል። በሱረቱል ሐጅ እንደተነገረን ፀሐይና ጨረቃ፣ ተራሮችና ዛፎች ለእርሱ ይሰግዳሉ። እንግዲያው መጥረቢያ ይዞ ወደ ዛፍ የሚቀርብ ሙስሊም የሚቀርበው ለጌታው ወደሚሰግድ ፍጡር መሆኑን አይርሳ።

ዛፍ መቁረጥ ሐራም ነው ማለታችን ነውን? አይደለም! አላህ ዛፍን ለሰው ልጅ ጥቅም ገርቶታል። ነቢዩላህ ኑሕ (ዐ.ሰ.) መርከባቸውን የሠሩት ከሳንቃ ነው። ጥያቄው መቁረጡ ላይ ሳይሆን መብቱ ላይ ነው። ማን ቆረጠው? በማን ፈቃድ? የማንን ሐቅ ነክቶ? በቦታውስ ምን ተካ?

የአገራችን ሕግ ይህን ጥያቄ ከጠየቀ ቆይቷል። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ቁጥር 94 በስማቸው ጠርቶ ጥበቃ ካደረገላቸው አራት አገር በቀል ዛፎች መካከል ዋንዛና ኮሶ ይገኛሉ፤ የተቀሩት ዝግባና ጥድ ናቸው። አዋጁ በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 542፣ እርሱም በ2010 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1065 ተተክቷል። የደን ውጤት ያለ ፈቃድ ቆርጦ ማጓጓዝ ክልክል መሆኑ ለነጋዴውም ለሹፌሩም የተሰወረ አይደለም። የተሰወረ ቢሆን ኖሮ ጣውላው ለምን በሌሊት ይጓዛል? ከላዩስ ለምን ከሰልና የበቆሎ ጆንያ ይጫንበታል?

እዚህ ላይ ጸሐፊው ራሱን ከተጠያቂዎቹ ውጪ አያደርግም። በ2010 ዓ.ም. ለሠርጌ ቁም ሳጥን ሳሠራ አናጺው ዋጋውን በጣም ቀነሰልኝ። ነገሩ ገርሞኝ ብጠይቀው ዝቅ ባለ ድምፅ «ሌሊት የገባ ነው» አለኝ። ገባኝ። ገብቶኝም ደስ አለኝ እንጂ አልደነገጥኩም። ሌባ በሌሊት ያመጣውን በግ እንድገዛ ቢጠይቀኝ ኖሮ አዑዙ ቢላሂ ብዬ እሸሽ ነበር። ጣውላ ሲሆን ግን ሌብነት አልመሰለኝም። ምክንያቱም በጉ ሲጮህ የሚሰማው ባለቤት አለው፤ ዛፉ ግን ባለቤቱ ሁላችንም ነን። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ በብዙዎቻችን ልቦና የማንም እንዳልሆነ ይቆጠራል። በሽታው ይህ ነው።

ይህ በሽታዬ የተገለጠልኝ በወለጋ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለሥራ ወደ አንዲት የወለጋ ከተማ ሄጄ ጁምዓን እዚያው ሰገድኩ። መስጊዱ ያረጀ፣ ጀመዓው አነስ ያለ ነው። ሚንበሩ ግን አዲስ ነበር። ሦስት ደረጃ ያለው፣ ጌጥ ያልበዛበት፣ ቀይ ዋንዛ። ከሶላት በኋላ ስለ ማማሩ አንስቼ ብናገር አጠገቤ የነበሩ ሽማግሌ ፈገግ ብለው «ልጄ፣ ማማሩን ተወው። መንገዱን ብታውቅ ነው የሚደንቅህ» አሉኝና ታሪኩን ነገሩኝ።

የቀድሞው ሚንበር የባሕር ዛፍ ነበር። ምስጥ እግሩን በልቶት ኸጢቡ በወጡ ቁጥር ይንቀጠቀጥ ነበር። ኮሚቴው ገንዘብ አሰባስቦ በቂ ሳይሆን ሲቀር አንድ ነጋዴ መጣ። ሙስሊም ነው፤ የጀመዓው ሰው ነው። የተጋዘ የዋንዛ ጣውላ በገበያው ዋጋ ግማሽ እንደሚያመጣላቸው፣ የቀረውን ግማሽ ሰደቃ እንደሚያደርገው ነገራቸው። ሁሉም ዱዓ አደረጉለት። ሽማግሌው ግን «ወረቀቱስ?» ብለው ጠየቁ።

ነጋዴው ሳቀ። «ሐጂ፣ ጫካ ደግሞ ወረቀት አለው እንዴ? ጫካ የአላህ ነው።»

«ጫካው የአላህ መሆኑንማ እናውቃለን፣ ልጄ። እኛ የጠየቅንህ አንተ በምን መብት እንደወሰድከው ነው።»

ከኮሚቴው ወጣቶች አንዱ ጣልቃ ገባ። «ሐጂ፣ መስጊዱ እኮ ድሃ ነው። ለቤታችን አልወሰድነው። ለአላህ ቤት ነው።»

ሽማግሌው የመለሱት መልስ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። «ኸጢቡ በተሰረቀ እንጨት ላይ ቆመው ሌብነት ሐራም ነው ሲሉን ማናችን ነን ቀና ብለን የምናያቸው?»

ጣውላው ተመለሰ። ነጋዴው ተቀየመ። ከጀመዓውም ሽማግሌውን አክራሪ ያላቸው፣ መስጊዱን ከሰደቃ የከለከሉ ያላቸው አልጠፋም። ኸጢቡም በሚንቀጠቀጠው ሚንበር ላይ እየወጡ ኹጥባ ማድረጋቸውን ቀጠሉ።

ወራት አለፉ። ከዚያ በከተማዋ ዳር ባል የሞተባቸው አንዲት እናት የቡና ጓሮ ውስጥ የነበረ ትልቅ ዋንዛ በነፋስ ወደቀ። እኚህ እናት የመስጊዱን ችግር ሰምተው ኖሮ ግንዱን ወስደው ሚንበር እንዲያደርጉት፣ ገንዘብም እንደማይቀበሉ ላኩባቸው። አሁንስ ምን ቀረ? ባለቤቷ በፈቃዷ ሰጠች፤ ዛፉም ራሱ ወደቀ። ሽማግሌው ግን አሁንም ሄደው እንዲህ አሏቸው። «አላህ ኒያዎን ይቀበልዎ። ነገር ግን ዛፉ የሟች ባለቤትዎ ነበር። ልጆችዎ ገና ሕፃናት ናቸው። ከውርሱ የእርስዎ ድርሻ ከስምንት አንዱ ነው፤ እርሱን ለመስጊዱ ቢሰጡ ይቀበልዎታል። የቀረው የየቲሞቹ ነው። የየቲምን ሐቅ እርስዎም አይሰጡትም፤ እኛም አንቀበልም።»

ከዚያ በኋላ አናጺ አስመጥተው ግንዱን በገበያው ዋጋ አስገመቱ። ከስምንት እጅ ሰባቱን ከፈሉ። ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ለማውጣት ተመላለሱ። ጣውላው ከተሰነጠቀ በኋላም እርጥብ ሆኖ ቢሠራ ስለሚጣመም በጥላ ሥር ተደርድሮ እስኪደርቅ ተጠበቀ። ሚንበሩ ከተጀመረበት ሐሳብ እስከ ተቀመጠበት ቀን ከዓመት በላይ ፈጀ። ግንዱ በወደቀበት ጓሮና በመስጊዱ ግቢ የዋንዛ ችግኝ ተተከለ።

ይህን ስሰማ የነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ.) መስጊድ ታሪክ ትዝ አለኝ። ቡኻሪ እንደዘገቡት ወደ መዲና በተሰደዱ ጊዜ መስጊዱ የተሠራበት መሬት የሁለት የቲሞች፣ የሰህልና የሱሀይል ነበር። ልጆቹ መሬቱን በነጻ ሊሰጧቸው ፈለጉ። ረሱል ግን በስጦታ አልተቀበሉም፤ ዋጋውን ከፍለው ገዙት። ከዚህ የምንረዳው ምንድን ነው? የአላህ ቤት መሆኑ የሰውን ሐቅ አያፈርስም፤ ይልቁንም ጥንቃቄውን ይጨምረዋል። አላህ መልካም ነው፤ መልካም ካልሆነ በቀር አይቀበልም የሚለው በሙስሊም የተዘገበው ሐዲስም መልእክቱ ይኸው ነው። ከሐራም የተገኘ ሰደቃ ሰጪውን አያጠራውም።

ስለ ረሱል ሚንበርም የተዘገበው ለዛሬው ጉዳያችን ትልቅ ትምህርት አለው። ሰህል ኢብን ሰዕድ (ረ.ዐ.) ሚንበሩ ከምን እንደተሠራ ሲጠየቁ አል-ጋባ ከተባለው የመዲና አካባቢ ከመጣ የጠርፋእ ዛፍ እንደሆነ ተናግረዋል። አል-ጋባ ማለት ጫካ ማለት ነው። ልብ በሉ! ባልደረቦቹ የሚንበሩን ዛፍ ዓይነት፣ የበቀለበትን ቦታ፣ እንጨት ሠሪው የማን ሰው እንደነበረ ጭምር አውቀው ለተከታዩ ትውልድ አስተላልፈዋል። እኛስ? በየመስጊዳችን ስላለው ሚንበርና በር ማን ቢጠይቀን መልስ አለን? ሱቁን እንነግረው ይሆናል። ከሱቁ በስተጀርባ ያለውን ግን አናውቀውም፤ ማወቅም አንፈልግም።

ከዚያ ሚንበር በፊት ረሱል ኹጥባ የሚያደርጉት በአንድ የተምር ግንድ አጠገብ ቆመው ነበር። ሚንበሩ ተሠርቶ ወደ እርሱ በተሸጋገሩ ጊዜ ግንዱ እንደሚያለቅስ ሆኖ ድምፅ አሰማ። ባልደረቦች ሁሉ ሰሙት። ረሱልም ወርደው በእጃቸው ዳሰሱት፤ ዝምም አለ። ጃቢር (ረ.ዐ.) እንዳስተላለፉት ያለቀሰው በአጠገቡ ይሰማው የነበረውን ዚክር በማጣቱ ነው። በነቢያችን ዘንድ ግንድ እንኳ ሲያለቅስ የሚያጽናናው ነበረው። በእኛ ዘመን ደን ሲያለቅስ የሚሰማው ማን ነው?

አንዳንድ ወንድሞች የሚያነሷቸውን መከራከሪያዎች በቅንነት እንያቸው።

አንደኛው ነጋዴው ያነሳው ነው፤ ጫካ የአላህ ነውና ማንም ቢወስድ ምን አለበት የሚል። መልሱ ቀላል ነው። አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ሙስሊሞች በውኃ፣ በግጦሽና በእሳት ተጋሪዎች መሆናቸው ተነግሯል። ተጋሪ ማለት ግን ቀድሞ የደረሰ ይዝረፍ ማለት አይደለም። ተጋሪ ያለው ሰው ከድርሻው በላይ ከወሰደ የተጋሪውን ሐቅ በልቷል። የደን ተጋሪዎቹ ደግሞ ዛሬ ያሉት ብቻ አይደሉም። ነገ የሚወለደው ልጅ ድርሻ አለው። በዱንያ መጥቶ ሊከሰን አይችልም፤ በአኺራ ግን ከሳሽና ተከሳሽ ይገናኛሉ። ወሰን የማበጀት ነገርም ለእስልምና እንግዳ አይደለም። ረሱል በመዲና ሐረም ውስጥ ዛፍ እንዳይቆረጥ ከልክለዋል፤ አን-ነቂዕ የተባለውንም ቦታ ጥብቅ ግጦሽ አድርገውታል። ስለዚህ ለሕዝብ ጥቅም ሲባል ደን ቢከለል ይህ የፈረንጅ ሐሳብ ነው ብሎ መናቅ የራስን ታሪክ አለማወቅ ነው።

ሁለተኛው ከድህነት የሚነሳ ነው። ገበሬው ልጆቹን የሚያበላው፣ አናጺው የቤት ኪራይ የሚከፍለው በዚህ ነው ይባላል። ይህ እውነት ነው፤ ማላገጥም አይገባም። ዳሩ ግን ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ እንይ። ዛፉን በሌሊት የጣለው የቀን ሠራተኛ የሚያገኘው የዕለት ጉርሱን ነው። ከፍ ያለውን ትርፍ የሚያፍሰው ሰንሰለቱን የያዘውና በኬላ ጉቦ የሚከፍለው ነው። ጉቦ ሰጪና ተቀባይ ደግሞ በሐዲስ የተረገሙ ናቸው። አናጺውም ቢሆን ዛሬ ዋንዛ አልቆ ቤቱ በቺፑድና በኤምዲኤፍ ተሞልቷል። ድሃውን ለረጅም ጊዜ የሚያበላው የቆመ ዋንዛ ነው። ጥላው ለቡናው፣ አበባው ለንቡ፣ ቅጠሉ ለአፈሩ፤ በመጨረሻም በወጉ ሲቆረጥ ለልጁ መዳሪያ።

ሦስተኛው ልብ የሚነካው ነው። በወለጋ ባለፉት ዓመታት የንጹሃን ደም ፈሷል። በሰኔ 2014 ዓ.ም. በጊምቢ ወረዳ ቶሌ ላይ የደረሰውን ማን ይረሳል? ሰው በሞተበት አገር ስለ ዛፍ ማውራት ቅንጦት አይደለምን? ብሎ የሚጠይቅ አለ። ለሞቱት አላህ ይዘንላቸው፤ የተፈናቀሉትንም ወደ ቤታቸው ይመልሳቸው። የአንድ ሰው ነፍስ ከዛፍ ሁሉ እንደሚበልጥ አንጠራጠርም። ነገር ግን በሱረቱል በቀራ ስለ አንድ ዓይነት ሰው ተነግሮናል። ንግግሩ የሚያስደንቅ፣ ዘወር ሲል ግን በምድር ላይ ጥፋትን ለማድረስ፣ አዝመራንና ዘርን ለማውደም የሚሮጥ ሰው ነው። አላህ የምድሪቱን አዝመራና የሰውን ዘር በአንድነት ጠርቷቸዋል። የሰውን ሐቅ የሚደፍርና የምድርን ሐቅ የሚደፍር ልብ ሥሩ አንድ ነው፤ ከልካይ እስካላየ ድረስ ሁሉ ይፈቀድልኛል ይላል። ሰላም በሌለበት ደግሞ ለደኑም ጠባቂ የለውም። ስለዚህ ሁለቱ ጉዳዮች የሚፎካከሩ አይደሉም።

ዐብደላህ ኢብን ሁብሺ (ረ.ዐ.) ያስተላለፉት፣ አቡ ዳውድ በሱነናቸው ያሰፈሩት ሐዲስ የሲድር ዛፍን የቆረጠ ሰው በእሳት እንደሚቀጣ ያስጠነቅቃል። አቡ ዳውድ ስለ ትርጉሙ ተጠይቀው ሲያብራሩ ነገሩ በሜዳ ላይ ያለውን፣ መንገደኛና እንስሳ የሚጠለልበትን ዛፍ ያለ መብት፣ በከንቱና በግፍ የሚቆርጠውን እንደሚመለከት ተናግረዋል። ይህ ማብራሪያ ሊሰመርበት ይገባል። ጥላ የሕዝብ ሐቅ ነው! አቡ በክር (ረ.ዐ.) ወደ ሻም የላኩትን ጦር ፍሬ የሚሰጥ ዛፍ እንዳይቆርጥ ማዘዛቸው በሙወጠእ ተዘግቧል። በጦርነት የተከለከለው በሰላም ጊዜ እንዴት ይቀላል?

ሌላው ዓለም ከእኛ ቀድሞ ያየውንም እናስተውል። በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ሬድውድ የሚባል ዛፍ አለ። ትርጉሙ ራሱ ቀይ እንጨት ማለት ነው። በምድር ላይ እንደ እርሱ የሚረዝም ዛፍ የለም፤ ረጃጅሞቹ ከ110 ሜትር በላይ ይሆናሉ። ከ2,000 ዓመት በላይ የቆዩም አሉ። ይህ ማለት ረሱል (ሰ.ዐ.ወ.) ከመወለዳቸው በፊት የቆሙ፣ ዛሬም ያሉ ዛፎች ናቸው። ወርቅ ፍለጋ እ.ኤ.አ. ከ1848 በኋላ ወደዚያ የጎረፈው ሕዝብ ደኑን ማለቂያ የሌለው መሰለው። ቀዩ ጣውላ ለቤትም፣ ለባቡር ሐዲድም፣ ለአጥርም ሆነ። ብሔራዊ ፓርክ የተቋቋመለት በ1968 ነው። ከነባሩ ደን ዛሬ የቀረው 5 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ገንዘብም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ ፍርድ ቤትም ያለው አገር እንኳ የሁለት ሺህ ዓመት ዛፍ መልሶ መሥራት አልቻለም። እኛ ከነቀምቴ ብዙ ሳይርቅ ኮምቶን የመሰለ የተፈጥሮ ደን ቅሪት አለን። ቅሪት የምንለው ደን ነገ ደግሞ ስሙ ብቻ እንዳይሆን።

እንግዲህ ምን እናድርግ? ነገሩ በቁጭት ብቻ እንዳይቀር በየድርሻችን እንየው።

የመስጊድ ኮሚቴዎች ለሚንበር፣ ለበር፣ ለቁርኣን መደርደሪያ ጣውላ ሲገዙ የይለፍ ወረቀቱንና የመጣበትን ቦታ ይጠይቁ። ወረቀት የሌለው ከሆነ ይመልሱ። ግማሽ ዋጋ ፈተና ነው እንጂ ስጦታ አይደለም። ኢማሞችና ኡስታዞች ይህን ጉዳይ በኹጥባ ያንሱት። ስለ ወለድና ስለ ሚዛን ማጉደል የምንሰማውን ያህል ስለ ሌሊት ጣውላም ልንሰማ ይገባል።

ነጋዴው ደግሞ ሪዝቅ የሚሰጠው አላህ መሆኑን ያስታውስ። ከባለ ማሳ ገበሬ በስምምነት፣ በተገቢው ዋጋና በፈቃድ የተገዛ ዋንዛ ሐላል ንግድ ነው፤ በረካም አለው። አናጺው «ሌሊት የገባ ነው» ብሎ በሹክሹክታ ከሚሸጥ «ይኸው ወረቀቱ» ብሎ በቀን ቢሸጥ እንቅልፉም ይጣፍጠዋል። ፍርፋሪና ቁራጩንም ለመንበርከኪያ ሰገባ፣ ለሕፃናት ሎህ፣ ለትናንሽ ዕቃ ያውለው። ማባከን በአላህ ዘንድ የተጠላ ነውና።

ተራው ገዢስ? መጠየቅ! አንድ ጥያቄ ብቻ። «ይህ ከየት መጣ?» ብለን ብንጠይቅ፣ ጠያቂውም ቢበዛ ገበያው ራሱ ይስተካከላል። የዋንዛ ዕቃ የግድ ነው ወይ ብሎ ራስን መጠየቅም ያስፈልጋል። የባሕር ዛፍ አልጋ ላይ የተኛ ሙሽራ ትዳሩ አልፈረሰም።

ከሁሉ በላይ እንትከል። ሙስሊም ተክሎ ወፍ፣ ሰው ወይም እንስሳ የበላለት እንደሆነ ሰደቃ እንደሚሆንለት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ዋንዛ ለዚህ ሐዲስ የተፈጠረ ይመስላል። ወፉም፣ እረኛውም፣ ንቡም ከእርሱ ይበላሉ። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአገሪቱ በየክረምቱ ችግኝ ይተከላል። መልካም ነው። ነገር ግን ቶሎ ስለሚደርስ ብቻ ሁላችንም ባሕር ዛፍ ብንተክል የቆረጥነውን አልተካንም። በመስጊድ ግቢ፣ በመድረሳ፣ በመቃብር ዙሪያ ዋንዛ እንትከል፤ ወቅፍም እናድርገው። ችግኝ መትከል አንድ ቀን ነው፤ ከከብት መጠበቅና ውኃ ማጠጣት ግን ዓመታት ነው። ሰደቃ ጃሪያ የሚሆነው ያ ነው። ቂያማ ሲቆም እንኳ በእጁ ችግኝ ያለ ሰው መትከል ከቻለ ይትከል ተብለናል። የሚቆርጠው ማን እንደሚሆን ሳናውቅ መትከል ዒባዳ ነው ማለት ነው።

የቤቴ ቁም ሳጥን ዛሬም እዚያው ነው። ከወለጋ ስመለስ አንድ ዓሊም ዘንድ ሄጄ ጉዳዬን አማከርኩ። ተውበት እንዳደርግ፣ ባለ ሐቁን ለይቼ ማግኘት ስለማልችል በርካሽ ያተረፍኩትን ያህል በባለ ሐቆቹ ስም ሰደቃ እንድሰጥ፣ ዛፍም እንድተክል መከሩኝ። አድርጌያለሁ፤ የሚቀበለው አላህ ነው። ያም ሆኖ በሩን ስከፍት ቀዩን ጣውላ ባየሁ ቁጥር አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። በዚያች ከተማ አንድ ኸጢብ በየጁምዓው ሦስት ደረጃ ይወጣሉ። ከሥራቸው ያለው እንጨት የማን እንደነበረ ያውቃሉ፤ ዋጋው ለየቲሞች እንደተከፈለ ያውቃሉ። ስለዚህ ስለ ሐቅ ሲናገሩ ድምፃቸው አይርድም።

አላህ (ሱ.ወ.) ከሐላሉ የምናገኝ፣ ከሐራሙ የምንርቅ፣ በምድሩም ላይ አማናን የምንጠብቅ ያድርገን። የአገራችንን ደንና ሕዝብ ይጠብቅልን። አሚን።

ወላሁ አዕለም።